መደበኛ ፕሮግራም በሰበር ዜና የሚቋረጠው በማን ውሳኔ፣ በምንስ ሥርዓት ነው?

ጥያቄው፦ በፍኖተ ሰላም ከተማ የሚያስተምሩና የትምህርት ቤታቸውን ሚኒ ሚዲያ የሚመሩ መምህር የሚከተለውን ጠይቀዋል። «እሑድ ማታ ከቤተሰቤ ጋር የምንከታተለው ድራማ መሐል ላይ ተቋርጦ በቀይ ጽሑፍ ሰበር ዜና ተባለ። ዜናው አንድ ስብሰባ መጠናቀቁን የሚገልጽ ነበር። ድራማው ሲመለስ ታሪኩ አልፎ ጠበቀን። በሌላ ጊዜ ደግሞ ሕዝቡ ሁሉ በስልኩ የሚነጋገርበት ትልቅ ጉዳይ እያለ ጣቢያዎች ሙዚቃ ያሰማሉ። ለመሆኑ ይቋረጥ ብሎ የሚያዝዘው ማን ነው? መመዘኛውስ ምንድን ነው? አንዱ ጣቢያ ሲፈጥን ሌላው የሚዘገየው ለምንድን ነው? የተቋረጠው ፕሮግራምስ ከቆመበት የማይቀጥለው ለምንድን ነው? ተማሪዎቼም ስለሚጠይቁኝ ባለሙያ ቢያስረዳን ደስ ይለኛል።»

ምላሽ፦

የተከበሩ መምህር፣ ባሕር ዳር ውስጥ በቴሌቪዥን የዜና ክፍልና በስርጭት መቆጣጠሪያ ክፍል ሠርቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ወጣት ጋዜጠኞችን በዚሁ ሙያ አሠለጥናለሁ። አራት ነገር ጠይቀዋል፤ አራቱም ግን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። ተመልካች ወድዶና መርጦ የተቀመጠበትን ፕሮግራም ሳያስፈቅዱት መቁረጥ ከባድ ነገር ነው፤ ይህን ለማድረግም ወሬው ትልቅ መሆኑ ብቻውን አያበቃም። ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ የሚነገር ሁለተኛና ሦስተኛ የተረጋገጠ ዓረፍተ ነገር መኖር አለበት፤ ተመልካቹም ነገሩን አሁኑኑ ማወቁ የሚጠቅመው፣ እስከ ምሽቱ ዜና ቢቆይበት የሚጎዳው መሆን አለበት። እነዚህ ሁለቱ ሳይሟሉ የሚደረግ ማቋረጥ ተመልካችን ከማስደንገጥ ያለፈ ጥቅም አይሰጥም ብዬ አምናለሁ።

ከውሳኔው ልጀምር። በአብዛኛው ጣቢያ የመጀመሪያውን እርምጃ የሚወስደው ተረኛ አርታዒው ነው። ተረኛ አርታዒ በዚያ ፈረቃ የሚገባውን ወሬ ሁሉ የሚቀበል፣ የሮይተርስን፣ የአሶሽየትድ ፕሬስን ወይም የኢትዮጵያ ዜና አገልግሎትን ዘገባ የሚከታተል፣ የዘጋቢዎችንም ስልክ የሚያነሣ ሰው ነው። እርሱ ጉዳዩ ፕሮግራም ሊቋረጥለት እንደሚገባ ካመነ ለዜና ክፍሉ ኃላፊ ይደውላል። ኃላፊው ሲፈቅድ ትእዛዙ ወደ ስርጭት መቆጣጠሪያው፣ በተለምዶ ማስተር ኮንትሮል ወደምንለው ክፍል ይሄዳል። እዚያ ያለው ቴክኒሻን የዕለቱ ፕሮግራምና ማስታወቂያ በየሰከንዱ የተሰለፈበት የኮምፒውተር ዝርዝር ከፊቱ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ ትእዛዙ ሲደርሰው ዝርዝሩን ትቶ ምልክቱን ከስቱዲዮ ወደሚመጣው ሥዕልና ድምፅ ያዞራል። በዓልና ሌሊት ሲሆን ኃላፊው ስልክ ባያነሣ ማን ይወስናል የሚለው አስቀድሞ በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ጣቢያው የቱንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢኖረው መዘግየቱ አይቀርም። የብዙ ጣቢያዎች ድክመት ከካሜራው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ውሳኔ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው ቁልፉን እስከሚጫነው ሰው መድረሱ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ማስረጃ ሆኖ በሙያው ትምህርት ሁልጊዜ የሚነሣው እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 1968 በአሜሪካ የኤንቢሲ ቴሌቪዥን ላይ የደረሰው ነው። ኒው ዮርክ ጄትስና ኦክላንድ ሬደርስ የሚያደርጉት የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሊያልቅ 65 ሰከንድ ሲቀረው፣ ጄትስ 32 ለ 29 እየመራ ሳለ፣ ሰዓቱ ደረሰና በዝርዝሩ ላይ ተራውን ይጠብቅ የነበረ የልጆች ፊልም ተጀመረ። በቀሩት ሰከንዶች ውስጥ ኦክላንድ ሁለት ጊዜ አስቆጥሮ 43 ለ 32 አሸነፈ፤ በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል የነበረው ተመልካች ግን ይህን አላየም። የጣቢያው አለቆች ጨዋታው እስኪያልቅ እንዲቀጥል ተስማምተው ነበር። ትእዛዙን ለመቆጣጠሪያ ክፍሉ ለማድረስ ሲደውሉ ግን መስመሩ በተመልካቾች ስልክ ተጨናንቆ አልገባ አላቸው። ጣቢያው ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ መስመር የተለየ ስልክ በመቆጣጠሪያ ክፍሉ አስገባ። ነገሩ ከሰበር ዜና ጋር በቀጥታ ባይገናኝም፣ ፕሮግራም የማቋረጥና ያለማቋረጥ ሥርዓት የቱ ጋ እንደሚበጠስ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

አሁን መመዘኛውን ከእኛው አካባቢ በወሰድሁት ምሳሌ ላሳይ። ነሐሴ ነው እንበል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወደ ዜና ክፍሉ ደውሎ በደጀንና በጎሐ ጽዮን መካከል፣ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ መሬት ተንሸራትቶ መንገድ እንደተዘጋና አንድ አውቶቡስ እንደተያዘ ይናገራል። ተረኛ አርታዒው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ሰው ተጎዳ ብሎ አይደለም። ሾፌሩ ራሱ ቆሞ እያየ ነው ወይስ ከኋላ ተሰልፎ የሰማውን ነው የሚያወራው? ቦታው ከሕዳሴ ድልድይ በደጀን በኩል ነው ወይስ በጎሐ ጽዮን በኩል? ከሆነ ስንት ደቂቃ ሆነው? መኪና አሁን በአንድ በኩልም ቢሆን ያልፋል? ሾፌሩ ለእነዚህ ጥያቄዎች የሚሰጠው መልስ የወሬውን ክብደት ወዲያው ያሳውቃል፤ ያየ ሰው ስለ ቦታው ብዙ ይናገራል፣ የሰማ ሰው ስለ ጉዳቱ ብዙ ይናገራል።

ቀጥሎ ሁለት ስልክ ይደወላል፤ አንዱ ለደጀን ፖሊስ፣ ሌላው መንገዱን ለሚጠብቀው ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር የአካባቢ ኃላፊ። በዚህ መሐል ፌስቡክ ላይ ፎቶግራፍ መዞር ይጀምራል። ፎቶግራፉን ለዐሥር ሰከንድ ያህል ማየት ብዙ ያድናል፦ አስፋልቱ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ፣ ገደሉ በየትኛው እጅ ነው፣ በዳር ያለው ሣር የክረምት ነው ወይስ የበጋ። የነሐሴ ዝናብ እየዘነበ አቧራ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከመጣ ከሌላ ጊዜ የተወሰደ ነው። ፖሊስ መንገዱ መዘጋቱን አረጋገጠ፣ ስለ አውቶቡሱ ግን «ሰው ልከናል፣ አልተመለሰም» አለ እንበል። በዚህ ጊዜ ተረኛ አርታዒው በስክሪኑ ግርጌ የሚሄድ አንድ መስመር ያስጽፋል፦ «ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው መንገድ በመሬት መንሸራተት ምክንያት ለጊዜው መዘጋቱን የደጀን ፖሊስ አስታወቀ።» አውቶቡሱ አይጠቀስም። በዚያን ሰዓት ከባሕር ዳር፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከሞጣና ከቡሬ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የሚጓዙ አውቶቡሶች ብዙ ናቸው፤ «አንድ አውቶቡስ» የሚለው ያልተረጋገጠ ቃል መንገደኛ ያለውን ቤተሰብ ሁሉ ያስጨንቃል።

ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ የሚቋረጠው መቼ ነው? ፖሊስ ከደብረ ማርቆስ በኩል የሚመጣ መኪና ሁሉ ባለበት እንዲቆም ካዘዘ፣ ወይም አደጋው በሰው ላይ መድረሱ ከተረጋገጠና ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች የተወሰዱበት ሆስፒታል ከታወቀ ነው። ያኔ ተመልካቹ የሚያደርገው ነገር አለው፤ የሚያቆመው መኪና፣ የሚደውልለት ዘመድ፣ የሚሄድበት ሆስፒታል አለው። የሟቾች ስም ግን ቤተሰብ ሳይረዳ በምንም ዓይነት በቴሌቪዥን አይነገርም። መርዶ በአገራችን የራሱ ወግ አለው፤ ቴሌቪዥን ያንን ወግ ቀድሞ ማፍረስ የለበትም።

ከምሳሌው እንደሚያዩት ማቋረጥ ደረጃ አለው። ዝቅተኛው በግርጌ የሚያልፈው ጽሑፍ ነው፤ ፕሮግራሙን አይነካም፣ ማንንም ከወንበሩ አያስነሣም። መካከለኛው አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የሚወስድ አጭር ዜና ሲሆን ዜና አንባቢው የታወቀውን ተናግሮ ተመልካቹን ወደ ፕሮግራሙ ይመልሰዋል። ከፍተኛው መደበኛውን ዝርዝር ሙሉ በሙሉ ዘግቶ ለሰዓታት ወይም ለቀናት መቀጠል ነው፤ ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በተገደሉበት በ1963 የአሜሪካ ጣቢያዎች ከዐርብ እስከ ሰኞ ያለ ማስታወቂያ እንደሠሩት ማለት ነው። እርስዎ የጠቀሱት የስብሰባ ዜና በእኔ ፍርድ በግርጌ ጽሑፍ ሊያልቅ የሚችል ነበር፤ የምሽቱ ዜናም ይበቃው ነበር። አያቶቻችን ነጋሪት ሲጎሰም ገበያቸውን ጥለው የሚሰበሰቡት ነጋሪት በየቀኑ ስለማይጎሰም ነው። ቀዩ ጽሑፍ ለስብሰባ መክፈቻም፣ ለስብሰባ መዝጊያም፣ ለመግለጫም ከዋለ ሕዝቡ በእውነተኛው አደጋ ቀን ዐይኑን አያነሣለትም፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

የሰዓቱ ርዝመትም መመዘን አለበት። የእንግሊዙ ልዑል ፊሊፕ በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ሲያርፉ ቢቢሲ ዋና ዋና ጣቢያዎቹን መደበኛ ፕሮግራም ሰርዞ ያንኑ አንድ ዝግጅት በሁሉም ላይ አሳየ፤ ከተመልካቾችም 109,741 አቤቱታ ደረሰው። ሰዎቹ ዜናው አይነገር አላሉም። አብዛኞቹ የተቃወሙት መሄጃ መታጣቱንና ነገሩ መብዛቱን ነው።

ስለ ፍጥነት ያነሡት ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይሻል። በመጀመሪያ ከመሣሪያ የሚመጣውን መዘግየት እንለይ። የቴሌቪዥን ምልክት የሚያስተላልፉት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ርቀው የሚዞሩ በመሆናቸው ምልክቱ ወጥቶ እስኪመለስ የሩብ ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ሥዕሉን አጥብቦ መላክና መፍታትም ጥቂት ሰከንድ ይጨምርበታል። ከጎረቤት ቤት የጎል ጩኸት ቀድሞ የሚሰማዎት በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ በሁለት ጣቢያዎች መካከል የሚታየው ልዩነት ሃያ ደቂቃ ወይም ሁለት ሰዓት ከሆነ ምክንያቱ መሣሪያ ሊሆን አይችልም፤ ወይ ማረጋገጥ ነው፣ ወይ ፈቃድ መጠበቅ ነው። ሁለቱ በተመልካች ዐይን አንድ ይመስላሉ፤ በውስጥ ግን በጣም ይለያያሉ። የሚያረጋግጥ ጣቢያ ስልክ ሲደውል፣ ሰው ሲልክ፣ ሰነድ ሲያይ ነው የሚቆየው፤ ፈቃድ የሚጠብቅ ጣቢያ ግን ሁሉን እያወቀ ቁጭ ብሎ ነው የሚቆየው። የመጀመሪያውን አከብራለሁ፤ ሁለተኛውን ግን ሕዝቡን ለአሉባልታ አሳልፎ መስጠት ነው ብዬ እቃወማለሁ።

መሣሪያ ራሱ ያዘገየበት ዘመን ነበር። ኬኔዲ ዳላስ ላይ የተመቱት እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1963 በከተማው አቆጣጠር ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የሲቢኤስ ቴሌቪዥን በዐሥር ደቂቃ ያህል ልዩነት የቀን ድራማውን አቋርጦ ዜናውን ተናገረ፤ ተመልካቹ ያየው ግን አንድ የቆመ ጽሑፍ ብቻ ነበር፣ የሚሰማውም የጣቢያው ዜና አንባቢ የዋልተር ክሮንካይት ድምፅ ነው። የዚያን ጊዜ ካሜራዎች እንደ ድሮ ራዲዮ በቱቦ የሚሠሩ ስለነበሩ ሞቀው ሥዕል እስኪሰጡ ሃያ ደቂቃ ያህል ይፈጁ ነበር፤ በዜና ክፍሉም የተዘጋጀ የሞቀ ካሜራ አልነበረም። ዛሬ የዜና ስቱዲዮ አንድ ካሜራና አንድ ማይክሮፎን ሁልጊዜ በዝግጅት ላይ የሚያኖረው ከእንዲህ ያለ ልምድ ተምሮ ነው። በእኛ አገር ሁኔታ በዚህ ላይ ጀነሬተሩን መጨመር ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ጊዜ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ስቱዲዮውን የሚይዝ ባትሪ ከሌለ ዜናው በአርታዒው እጅ ይቀራል።

ያንኑ ቀን ለሌላም ምክንያት ለሠልጣኞቼ አስተምረዋለሁ። ክሮንካይት ፕሬዚዳንቱ መሞታቸውን ዳላስ የነበረው ዘጋቢያቸው ዳን ራዘር እንዳረጋገጠ ሲነገረው ወሬውን ለተመልካቹ አስተላለፈ፤ ወዲያውም ከመንግሥት በኩል ገና ማረጋገጫ እንዳልተሰጠ ተናገረ። የመጨረሻውን ቃል የተናገረው ከዜና አገልግሎቱ ይፋው ማስታወቂያ በእጁ ሲገባ፣ በዳላስ ሰዓት ከቀኑ 7 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ ነው። ወሬን ማስተላለፍና ወሬን እንደ እውነት ማጽናት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በአንድ ሰዓት ውስጥ አሳየ። ከዐሥራ ስምንት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 30 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሬገን ሲተኮስባቸው ግን ይህ ጥንቃቄ ጠፋ። ጣቢያዎቹ መጀመሪያ ፕሬዚዳንቱ አልተመቱም አሉ፤ ተመትተው ነበር። ቀጥለው ቃል አቀባያቸው ጄምስ ብሬዲ ሞቷል አሉ፤ ብሬዲ ከዚያ በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሯል። የኤቢሲ ቴሌቪዥን ዜና አንባቢ ፍራንክ ሬይኖልድስ በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለ ባልደረቦቹን በቁጣ ነገሩን አረጋግጡ ሲል በመላ አገሪቱ ተሰማ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው በ2000 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ምርጫ ሌሊትም ታየ። ጣቢያዎቹ የፍሎሪዳን ድምፅ አል ጎር አሸነፉ ብለው በማምሸቱ ላይ አወጁ፤ በዚያች ግዛት ምዕራባዊ ጫፍ ገና ድምፅ እየተሰጠ ነበር። ከሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሰረዙት። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጆርጅ ቡሽ አሸነፉ አሉ፤ ሊነጋጋ ሲል እርሱንም ሰረዙት። በመጨረሻ የተመዘገበው ልዩነት 537 ድምፅ ነበር። አንዱ ጣቢያ ሲያውጅ ሌላው በደቂቃዎች ውስጥ የሚከተለው አዲስ ማስረጃ አግኝቶ ላይሆን ይችላል፤ ወደ ኋላ ቀረ እንዳይባል ብቻ ነው። ስለዚህ ተማሪዎችዎ «ሦስት ጣቢያ ተናግሮታል» ሲሉዎት፣ ሦስቱ ከሦስት ምንጭ ሰሙት ወይስ ከአንድ ብለው ይጠይቋቸው። በ2013 እ.ኤ.አ. በቦስተን የማራቶን ሩጫ ላይ ከፈነዳው ቦምብ ሁለት ቀን በኋላ ሲኤንኤንን ጨምሮ በርካታ የዜና ተቋማት ተጠርጣሪ ተያዘ ብለው ተሳስተዋል፤ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው መገናኛ ብዙኃን ከማውራታቸው በፊት እንዲያጣሩ በመግለጫ እስከ መጠየቅ ደረሰ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሰበር ዜናችን በአብዛኛው በይፋ መግለጫ የሚመጣ ነው። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአገር መውጣት በራዲዮ ተነገረ። የጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሞት ነሐሴ 15 ቀን 2004 ዓ.ም. ጠዋት በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲነገር ስለ ሕመማቸው ለሳምንታት ብዙ ሲወራ ቆይቶ ነበር። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም. እዚሁ ባሕር ዳር የክልሉ ፕሬዚዳንትና ባልደረቦቻቸው በተገደሉበት ሌሊት ጠቅላይ ሚኒስትሩ የወታደር ልብስ ለብሰው በቴሌቪዥን ቀርበው ተናገሩ፤ ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ሌሊት ከተማው ውስጥ ያለ ሰው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው ነገ ጠዋት ከቤቱ መውጣት ይችል እንደሆነ ነው። በእኔ እምነት የአካባቢ ቴሌቪዥን ሰበር ዜና ዋና አገልግሎቱ ይኸው ነው፤ ትልቁን የፖለቲካ ትርጉም ለነገ አቆይቶ የትኛው መንገድ ክፍት እንደሆነ፣ የትኛው ሆስፒታል እንደሚቀበል፣ ትምህርት እንደሚኖርና እንደማይኖር መናገር።

በዚህ ረገድ የጃፓኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ ሊጠና ይገባዋል። መጋቢት 11 ቀን 2011 እ.ኤ.አ. ከቀትር በኋላ የፓርላማ ስብሰባ በቀጥታ እያስተላለፈ ሳለ የመሬት መንቀጥቀጥ ማስጠንቀቂያው በራሱ ድምፅና ጽሑፍ ስክሪኑን ያዘ፤ ማንም ስብሰባ ጠርቶ እስኪወስን አልተጠበቀም። ለመሬት መንቀጥቀጥና ለሱናሚ ውሳኔው አስቀድሞ ተሰጥቶ አልቋል፤ ምልክቱ ሲመጣ መሣሪያው ያቋርጣል። ከዚያ አደጋ ተምረው የአነባበቡን ድምፅ ሳይቀር ለወጡ፤ በ2024 አዲስ ዓመት ቀን ኖቶ በተባለው የጃፓን አካባቢ መሬት ሲንቀጠቀጥ ዜና አንባቢዋ በረጋ ድምፅ ማንበቡን ትታ አሁኑኑ ሽሹ እያለች ጮኻለች። ከዚህ በተቃራኒ ጥር 13 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በሃዋይ ሚሳይል እየመጣ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ በስልክና በቴሌቪዥን በስህተት ወጣ፤ ማስተባበያው ሕዝቡ ስልክ የደረሰው ከ38 ደቂቃ በኋላ ነው። ማስጠንቀቂያውን ለመልቀቅ ሥርዓት ነበር፤ ለማረም ግን የተዘጋጀ ጽሑፍ አልነበረም። ማንኛውም ጣቢያ የማቋረጫውን ጽሑፍ ሲያዘጋጅ የማረሚያውንም አብሮ ማዘጋጀት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

የቀጥታ ሥዕል አደጋም አለ። ሚያዝያ 30 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ ውስጥ አንድ ሰው መኪናውን ፈጣን መንገድ ላይ አቁሞ ሳለ ሄሊኮፕተሮች ከላይ ይቀርጹ ነበር። አንዳንድ ጣቢያዎች የልጆች ፕሮግራም አቋርጠው ሥዕሉን ሲያስተላልፉ ሰውዬው ራሱን ገደለ፤ ካርቱን ሲያዩ የነበሩ ልጆች አዩት። አሁን ጥንቁቅ ጣቢያዎች እንዲህ ያለውን ሥዕል ጥቂት ሰከንድ አዘግይተው ይለቃሉ፤ ይሁን እንጂ ቁልፉን የሚጫን ንቁ ሰው ከሌለ መዘግየቱ ብቻውን አያድንም። በ2012 እ.ኤ.አ. ፎክስ ኒውስ ላይ በሰው ስህተት ተመሳሳይ ሥዕል አምልጦ አቅራቢው ወዲያው ተመልካቹን ይቅርታ ጠይቋል።

በእነዚያ ደቂቃዎች የዜና አንባቢው ሥራ ምን እንደሆነ ለተማሪዎችዎ ማስረዳት ይጠቅማል። በጆሮው ያለው ማዳመጫ የፕሮዲውሰሩን፣ ማለት ዝግጅቱን የሚመራውን ሰው፣ ድምፅ ያሰማዋል፤ እርሱ ለሕዝቡ እየተናገረ ሌላ ሰው በጆሮው «ፖሊሱ መስመር ላይ ነው፣ በዐሥር ሰከንድ ጠይቀው» ይለዋል። የተጻፈ ዜና ስለሌለው የሚያድነው ሥርዓት ብቻ ነው፦ የታወቀውን ከነምንጩ ይናገራል፣ ያልታወቀውን ገና አልታወቀም ይላል፣ ሰዓቱን ይጠራል፣ አዲስ የሚቀላቀል ተመልካች ስላለ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከመጀመሪያው ደግሞ ይናገራል። አዲስ ነገር ከሌለ ዝም ብሎ ወደ ፕሮግራሙ መመለስ ይገባዋል። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገቡ በኋላ መውጫው ስለሚጠፋቸው ባዶውን ጊዜ በግምት ይሞሉታል፣ ግምቱም ነገ የሕዝብ ወሬ ይሆናል።

በመጨረሻ ወደ ድራማዎ ልምጣ። የኮምፒውተሩ ዝርዝር ከሰዓት ጋር የተያያዘ ነው። ቴክኒሻኑ ዝርዝሩን ሳያቆም ምልክቱን ብቻ ወደ ስቱዲዮ ካዞረ ድራማው ከበስተኋላ መሄዱን ይቀጥላል፤ ሲመለሱ ታሪኩ አልፎ የጠበቃችሁ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ዝርዝሩን አቁሞ ከቆመበት ማስቀጠል በመሣሪያ በኩል ቀላል ነው። ችግሩ የሚከተለው ሁሉ በዚያው ልክ መገፋቱ ነው፤ የ2 ሰዓት ዜና በ2 ሰዓት መጀመር አለበት፣ ማስታወቂያ ያስነገረ ድርጅት የተወሰነ ሰዓት ገዝቷል፣ ቀጥታ የሚተላለፍ ጨዋታም ማንንም አይጠብቅም። ያለፉ ማስታወቂያዎች በሌላ ሰዓት ይካካሳሉ። በነገራችን ላይ የአውሮፕላን አደጋ በተዘገበበት ቀን የአየር መንገድ ማስታወቂያ ከዝርዝሩ መውጣት አለበት፤ ይህን የሚያስታውስ ሰው በማስተር ኮንትሮል ከሌለ ለሐዘንተኛ የሚከብድ ነገር ይታያል። ለስፖርት ጨዋታ ደግሞ ስክሪኑን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ በሰኔ 1994 እ.ኤ.አ. ኤንቢሲ የቅርጫት ኳስ ፍጻሜውን በትንሽ ሳጥን ይዞ በግድያ የተጠረጠረውን ታዋቂ ሰው ኦ ጄ ሲምፕሰንን ፖሊስ በመኪና ሲያሳድደው በትልቁ አሳይቷል።

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። የተቋረጠው ሙዚቃ ወይም ውይይት ከሆነ ይለፍ። ታሪክ ያለው ድራማ ከሆነ ማቋረጡ ከሦስት ደቂቃ ካልበለጠ ዝርዝሩ ይቁም፣ ከቆመበትም ይቀጥል፤ ትርፉ ከማስተዋወቂያና ከመሸጋገሪያ ሙዚቃ ይቀነሳል። ከዚያ ከበለጠ ግን ክፍሉ በሙሉ በሌላ ቀን እንደሚደገም በግርጌ ጽሑፍ ቀኑና ሰዓቱ ተጠቅሶ በዚያው ማታ ይነገር። ይህን የማያደርግ ጣቢያ ላይ ቅሬታ ሲኖርዎ የፕሮግራሙን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈው ለጣቢያው ይላኩ፤ የጽሑፍ ቅሬታ በፕሮግራም ክፍሉ ስብሰባ ላይ ይነበባል፣ በስልክ የተነገረ ግን ብዙ ጊዜ ስልኩን ካነሣው ሰው አያልፍም።

ለሚኒ ሚዲያዎ ደግሞ ይህን እመክራለሁ። በእረፍት ሰዓት ሙዚቃ ወይም ግጥም አቋርጠው የሚያነቡት ማስታወቂያ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ ምን እንደሆነ፣ ማን እንዳለው፣ ተማሪው ምን እንዲያደርግ። አንድ ተማሪ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ሄዶ ሳያረጋግጥ ሌላው ማይክሮፎኑን አይክፈት። የተነበበበት ሰዓትና ያረጋገጠው ሰው ስም በደብተር ይመዝገብ። ስህተት ከተነገረም ማረሚያው ስህተቱን ባነበበው ተማሪ ድምፅ በዚያው ቀን ይነበብ፤ የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎችም እንዲሰሙት በእነርሱ እረፍት ይደገም።